ያገለገለ ወይስ አዲስ? የስኩባ መሣሪያ ዋጋ በ10 ዓመት ሲሰላ

በጂቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በኬንያ ጠረፍ ወይም በዛንዚባር ዙሪያ ባሕር ውስጥ መጥለቅን የለመደ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የራሴን መሣሪያ ልግዛ ካልኩ አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ? ያገለገለው ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ልዩነቱ አገር ለመጎብኘት ለመጣ ሰው ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። ቱሪስቶችን እየመራ በመጥለቅ እንጀራውን ሊያገኝ ለሚያስብ የጠረፍ ወጣት ግን የብዙ ወራት ገቢ ነው።

ይሁን እንጂ በግዥው ዕለት የሚከፈለው ገንዘብ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የስኩባ መሣሪያ በየጊዜው መፈተሽ፣ ጎሚኒው መቀየር፣ ባትሪው መተካት ያለበት፣ ጨውና ፀሐይ የሚበሉት ዕቃ ነው። ወጪው በ10 ዓመት ተዘርግቶ ሲታይ ያገለገለ ዕቃ ከቅናሽ ይልቅ ብድርን ይመስላል፤ ዛሬ ያልተከፈለው ነገ በጥገና መልክ ይከፈላል። ብድር መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ወለዱን ሳያውቁ መበደር ያስቆጫል፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ዕዳው የሚጠየቀው 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ምርጫዎች የረጅም ጊዜ ወጪ ያነጻጽራል፤ የትኛው ዕቃ ያገለገለ ቢገዛ እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ደግሞ አዲስ መሆን እንዳለበት ያብራራል።

የመሣሪያው ክፍሎች የትኞቹ ናቸው?

የዘመናዊው ስኩባ መነሻ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ.) በ1943 የሠሩት መተንፈሻ ነው። ኩስቶ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በሚገኘው ሻዓብ ሩሚ በተባለ የኮራል ዐለት ላይ ሰዎች ለአንድ ወር ያህል የኖሩበትን የባሕር ውስጥ መንደር አቋቁሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ቢረቅም መሠረቱ አልተለወጠም።

ዋናው ክፍል ሬጉሌተር ይባላል። በሲሊንደሩ ውስጥ 200 ባር ገደማ ሆኖ የታመቀውን አየር በሁለት ደረጃ እየቀነሰ፣ ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ልክ እንዲተነፍሰው ያደርጋል። ሁለተኛው ቢሲዲ ተብሎ የሚጠራው ጃኬት ነው፤ አየር እየሞሉና እያስወጡ በውኃው ውስጥ ከፍታን ለመጠበቅ ያገለግላል። ሦስተኛው ጥልቀትንና ጊዜን እየቆጠረ በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመውን ናይትሮጅን የሚያሰላው የጠላቂ ኮምፒውተር ነው። ሲሊንደሩ፣ ሙቀት የሚጠብቀው የጎማ ልብስ፣ የፊት ማስክ፣ የእግር መቅዘፊያና የወገብ ክብደት ቀሪዎቹ ናቸው።

እነዚህ ሁሉ “የስኩባ ዕቃ” በሚል አንድ ስም ይጠሩ እንጂ እርጅናቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሲያረጅ በዓይን ይታያል፤ መቅዘፊያ ይሰነጠቃል፣ ልብስ ይሳሳል። ሌላው ደግሞ ከላይ እያብረቀረቀ ከውስጥ ያልቃል። የአዲስና ያገለገለ ክርክር መፍቻው ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የ10 ዓመት ሒሳብ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ ዋጋ እንደ አገሩ፣ እንደ አምራቹና እንደ ዕቃው ይዞታ ይለያያል። በዓመት 40 ጊዜ የሚጠልቅ፣ በ10 ዓመት 400 ጊዜ የሚጠልቅ ሰው እንውሰድ። ሲሊንደሩን የጠለቃ ማዕከሉ ስለሚያቀርብ ከስሌቱ ውጭ ነው።

ሁሉንም አዲስ የሚገዛ ሰው፦

– ለሬጉሌተር 700፣ ለጃኬት 450፣ ለኮምፒውተር 300፣ ለልብስ፣ ለማስክና ለመቅዘፊያ 250፤ በድምሩ 1,700 ዶላር ይከፍላል።
– በየሁለት ዓመቱ ለሬጉሌተር ጥገና 150 ዶላር ቢያወጣ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ለአራት ጊዜ 600 ዶላር ይሆናል።
– ለጃኬቱ ፍተሻ 120፣ ለኮምፒውተሩ ባትሪ 60፣ ልብሱን አንድ ጊዜ ለመተካት 150 ዶላር ይጨመራል።
– ጠቅላላው 2,630 ዶላር ነው።

ሁሉንም ያገለገለ የሚገዛ ሰው፦

– ለሬጉሌተር 300፣ ለጃኬት 180፣ ለኮምፒውተር 120፣ ለቀሪው 100፤ በድምሩ 700 ዶላር ይከፍላል።
– ያገለገለ ሬጉሌተር ከመጀመሪያው ጠለቃ በፊት መጠገን ስላለበት ጥገናው አምስት ጊዜ ይሆናል፤ 750 ዶላር። ያረጁ ቱቦዎችን ለመቀየር 100 ዶላር ይጨመራል።
– የጃኬቱ ፍተሻና የአየር መሙያ ክፍሉ ቅያሪ 230፣ ጃኬቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲያበቃ ሌላ ያገለገለ ለመግዛት 180 ዶላር ይጠይቃል።
– ኮምፒውተሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገልግሎቱን ሲጨርስ አዲስ ለመግዛት 300፣ ለባትሪ 60፣ ልብስን ሁለት ጊዜ ለመተካት 300 ዶላር ያስፈልጋል።
– ጠቅላላው 2,620 ዶላር ነው።

በመጀመሪያው ቀን የ1,000 ዶላር ልዩነት የነበራቸው ሁለት ገዥዎች ከ10 ዓመት በኋላ በ10 ዶላር ብቻ ተለያዩ። ቁጥሮቹን መጠነኛ በሆነ ልክ ብንለዋውጣቸው ውጤቱ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ያጋድል ይሆናል። ያገለገለው ኮምፒውተር 10 ዓመት ቢዘልቅ ያገለገለውን የገዛው በ300 ዶላር ያተርፋል፤ ሬጉሌተሩ መለዋወጫ ቢታጣለትና መተካት ቢኖርበት ደግሞ ትርፉ ይጠፋል። ዋናው ነገር ግን አይለወጥም፤ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ግማሽ በግማሽ ልዩነት በጊዜ ሂደት እንዳለ አይቆይም።

ታዲያ ያገለገለ መግዛት ምን ጥቅም አለው? ጥቅሙ ገንዘቡ የሚከፈልበት ጊዜ ላይ ነው። 1,700 ዶላር በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችል ሰው በ700 ዶላር ሥራ ጀምሮ ቀሪውን ከሚያገኘው ገቢ እየቀነሰ መክፈል ይችላል። ይህ ለብዙዎች ተገቢ ምርጫ ነው። አደጋው የሚመጣው 700 ዶላሩን የመጨረሻ ወጪ አድርጎ ሲቆጥር፣ የመጀመሪያውን ጥገና “ለጊዜው ይቆይ” ሲል ነው። ስለዚህ 700 ዶላር ያለው ሰው የ700 ዶላር ዕቃ መግዛት የለበትም፤ ቢያንስ 150 ዶላሩን ለመጀመሪያው ጥገና ማስቀረት ይኖርበታል።

ሬጉሌተር፦ ሳጥን ውስጥ የከረመ ዕቃ አዲስ አይደለም

በማስታወቂያዎች ላይ በብዛት ከሚታዩት አገላለጾች አንዱ “አምስት ጊዜ ብቻ የተጠለቀበት” የሚለው ነው። ለሬጉሌተር ይህ ግማሽ እውነት ነው። በውስጡ ያሉት ጎሚኒዎችና የቫልቭ መቀመጫዎች በአጠቃቀም ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይደርቃሉ፤ ሳይታጠብ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ጨው በውስጡ ክሪስታል ይሠራል፣ ብረቱን አረንጓዴ ዝገት ይይዘዋል። አምስት ጊዜ ተጠልቆበት ስምንት ዓመት ሳጥን ውስጥ ከከረመ ሬጉሌተር ይልቅ 200 ጊዜ ተጠልቆበት በየዓመቱ የተጠገነ ሬጉሌተር ሊታመን ይችላል።

አብዛኞቹ አምራቾች በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ፣ አለዚያም በ100 ጠለቃ ገደማ ጥገና እንዲደረግ ይመክራሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። አንዳንድ አምራቾች በመደበኛ ጥገና የሚቀየሩ ክፍሎችን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ነገር ግን ይህ ዕድል ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው ገዥ ብቻ የተፈቀደና ጥገናው ሳይቋረጥ መደረጉን የሚያሳይ ሰነድ የሚጠይቅ ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ይህን መብት አብሮ አይገዛም።

ሁለተኛው ጉዳይ መለዋወጫ ነው። የአሜሪካው ዳኮር በአንድ ወቅት ስመ ጥር የጠለቃ መሣሪያ አምራች ነበር። በ1990ዎቹ (እ.አ.አ.) መጨረሻ ለሌላ ኩባንያ ተሸጦ ስሙ ከገበያ ወጣ። ዛሬ ንጹሕ የሆነ የዳኮር ሬጉሌተር በርካሽ የሚያገኝ ሰው ዕቃውን እንጂ የሚጠግነውን አያገኝም። ስለዚህ ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው “የዚህ ሞዴል የጥገና ክፍሎች ዛሬ ይመረታሉ ወይ? በአቅራቢያዬ የሚጠግነው ማን ነው?” የሚለው ነው።

ሦስተኛው ከሲሊንደር ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው። አንዱ ዓይነት የሲሊንደሩን አንገት ከውጭ በማቀፍ በብሎን ይጠብቃል፤ ‘ዲን’ የሚባለው ደግሞ በጥርሱ ወደ ቫልቩ ውስጥ ይገባል። ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ሬጉሌተር ‘ዲን’ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የሚሠሩበት ማዕከል ሲሊንደሮች የሌላው ዓይነት ከሆኑ ማገናኛ መግዛት ይጠይቃል። ትንሽ ወጪ ቢሆንም ከግዥው በፊት መታወቅ አለበት።

መዘዙ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዘመናዊ ሬጉሌተር ሲበላሽ አየር እንዲዘጋ ሳይሆን እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ ሕይወት አዳኝ ንድፍ ቢሆንም የሚያፈስ ሬጉሌተር ሲሊንደሩን በደቂቃዎች ሊያራግፍ ይችላል። በብዙ ማዕከሎች ያለው 11.1 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,220 ሊትር አየር ይይዛል። በወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን 60 ሊትር ይፈጃል። ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው 50 ባር ሲቀነስ ለ27 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከዚህ ላይ የሚያፈስ ጎሚኒ የሚወስደው እያንዳንዱ ሊትር ከዚህች አጭር ጊዜ የሚቀነስ ነው።

ኮምፒውተር፦ አዲስ ቢሆን የሚመከረው

ያገለገለ ኮምፒውተር ዋነኛ ችግሩ ስሕተቱ የማይታይ መሆኑ ነው። ጥልቀት የሚለካው ዳሳሽ በጥቂት ሜትር ቢሳሳት ቁጥሩ እንደ ትክክለኛ ሆኖ ይታያል። በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ባትሪውን የሚለውጠው አምራቹ ብቻ ነው፤ አምራቹ ድጋፉን ካቆመ ኮምፒውተሩ ከባትሪው ጋር አብሮ ያልቃል።

ከገበያ እንዲሰበሰቡ የታዘዙ ዕቃዎችም ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ሊገቡ ይችላሉ። እ.አ.አ. በ2003 በ1995 የተመረቱ ‘አላዲን ኤር ኤክስ ናይትሮክስ’ የተባሉ ኮምፒውተሮች እንዲሰበሰቡ ተደርጎ ነበር። ጠላቂው ከውኃ ወጥቶ ተራ አየር እየተነፈሰ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን የበዛበትን ድብልቅ መተንፈሱን እንደቀጠለ አድርጎ ያሰላ ነበር። በዚህም የተነሳ ናይትሮጅኑ ከእውነታው በፈጠነ ሁኔታ ከሰውነት እንደወጣ ይገምታል፤ ለቀጣዩ ጠለቃ የሚፈቅደው ጊዜም ከሚገባው በላይ ይሆናል። አዲስ የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ከሻጩ ይደርሰዋል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው የሞዴሉን ስምና የመለያ ቁጥሩን ይዞ ራሱ መፈለግ አለበት።

ለኢትዮጵያውያን ጠላቂዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ በአውሮፕላን ውስጥ ሲበርሩ ከሚኖረው የአየር ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከተደረጉ ጠለቃዎች በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበርሩ መቆየት ይመከራል። ከጂቡቲ በመኪናም ሆነ በባቡር ወደ ደጋው የሚመለስ ሰው እንደሚበርር ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። ይህን ጊዜ የሚቆጥርና ከፍታን የሚያውቅ ኮምፒውተር ለእንዲህ ያለው ተጓዥ ቅንጦት አይደለም።

በ10 ዓመቱ ስሌት ውስጥ በአዲስና ባገለገለ ኮምፒውተር መካከል ያለው ልዩነት 180 ዶላር ነበር። ይህ በ400 ጠለቃ ሲካፈል ለአንድ ጠለቃ 45 ሳንቲም ነው። ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዋስትና ማግኘት ይከብዳል።

ሲሊንደር፦ ባይገዛ የሚሻለው

በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ያሉ ማዕከሎች ሲሊንደሩን ከነአየሩ ስለሚያቀርቡ አብዛኛው ጠላቂ መግዛት አያስፈልገውም። ባዶው ብቻውን 14 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይዞ መጓዝም አያዋጣም።

የግድ መግዛት ያለበት ሰው ግን በትከሻው ላይ የተቀረጸውን ማንበብ አለበት። ቅርጹ የተሠራበትን ቁስ፣ የሥራ ግፊቱንና የተፈተሸበትን ወርና ዓመት ይናገራል። በአሜሪካ ደንብ ሲሊንደር በየአምስት ዓመቱ በውኃ ግፊት ይፈተሻል፤ 207 ባር የሚሞላው የአሉሚኒየም ሲሊንደር በዚህ ፍተሻ እስከ 345 ባር ይደርሳል። ከዚህ በተጨማሪ ውስጡ በየዓመቱ በዓይን መታየቱ የሙያው ልማድ ነው።

ከ1990 (እ.አ.አ.) በፊት የተሠሩ በርካታ የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች 6351 በሚል ቁጥር ከሚታወቅ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቅይጥ ለረጅም ጊዜ ጫና ውስጥ ሲቆይ አንገቱ ላይ ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ታውቋል። አንዳንዶቹም አየር ሲሞላባቸው ፈንድተው ሰው ጎድተዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ማዕከሎች እነዚህን ሲሊንደሮች አይሞሉም። የማይሞላ ሲሊንደር በየትኛውም ዋጋ ቢገዛ ውድ ነው።

ያገለገለው የሚያዋጣበት

ያገለገለ ዕቃ ገዥ ያለ ስጋት ሊያተርፍ የሚችለው እርጅናቸው በዓይንና በእጅ በሚታወቅ ዕቃዎች ላይ ነው።

መቅዘፊያ፣ የወገብ ቀበቶና የእርሳስ ክብደት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እርሳስ አያረጅም፤ መቅዘፊያ ካልተሰነጠቀና ማሰሪያው ካልደረቀ ለዓመታት ያገለግላል። ማስክ ያገለገለ ሊሆን ቢችልም ከፊት ቅርጽ ጋር መግጠም ስላለበት ሳይሞክሩ መግዛት አይመከርም።

ጃኬትም ቢሆን ለመፈተሽ አስቸጋሪ አይደለም። እስኪወጠር ድረስ በአየር ሞልቶ ለአንድ ሌሊት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጠዋት ከላላ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። የአየር መሙያ ቁልፉ ተጭነው ሲለቁት ወዲያው መመለስ አለበት። ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ ጃኬቱ ሳይታዘዝ እየተሞላ ጠላቂውን በፍጥነት ወደ ላይ ሊያወጣው ስለሚችል ያ ክፍል ሳይቀየር ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም። ውስጡን በንጹሕ ውኃ ሞልቶ ማስወጣትም ጠቃሚ ነው፤ ጨው ወይም የተፋቀ ላስቲክ ይዞ ከወጣ ዕድሜው ተጋምሷል።

የጎማ ልብስ ሁለት ገጽታ አለው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በተደጋጋሚ ግፊት እየተጨፈለቁ ሲሄዱ ልብሱ ይሳሳል፤ ሙቀት የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። በሞቃታማው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ውኃ ይህ ለጎብኚ ብዙም አያስጨንቅም። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚጠልቅ ሠራተኛ ግን ሞቃት ውኃም ቢሆን ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ለእርሱ ያገለገለ ልብስ ቶሎ የሚተካ ዕቃ ነው።

ከግለሰብ ሌላ ያገለገለ ዕቃ የሚገኝባቸው ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው የኪራይ ዕቃቸውን በየጊዜው የሚለውጡ የጠለቃ ማዕከሎች ናቸው። ዕቃው ብዙ የሠራ ቢሆንም የጥገና መዝገብ ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች የሚሸጡት ነው፤ ዕቃው ንጹሕ ሊሆን ቢችልም የጥገናው ታሪክ ብዙውን ጊዜ በቃል ብቻ ይነገራል።

የጠረፉ ልዩ ወጪዎች

በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የተሠራ የወጪ ስሌት እንዳለ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሊመጣ አይችልም። የመጀመሪያው ልዩነት ግብር ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ከቀረጥ በተጨማሪ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል፤ መደበኛው መጣኔ በኬንያ 16 በመቶ፣ በታንዛኒያ ዋና ምድር ደግሞ 18 በመቶ ነው። ማጓጓዣው ሲታከል በውጭ 700 ዶላር የነበረው ሬጉሌተር ሞምባሳ ሲደርስ ሌላ ዋጋ ይዞ ይገኛል። በዚህ ምክንያት እዚያው ጠረፍ ላይ ያለ፣ ታክሱ አስቀድሞ የተከፈለበት ያገለገለ ዕቃ ከሌላው ዓለም የበለጠ ተፈላጊ ይሆናል።

ሁለተኛው ልዩነት በተቃራኒው ያመዝናል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ በአቅራቢያ ከሌለ ሬጉሌተሩን ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ሌላ አገር መላክ ያስፈልጋል። የመላኪያው ወጪ በእያንዳንዱ ጥገና ላይ ስለሚጨመር፣ ከላይ 150 ዶላር ያልነው 250 ሊሆን ይችላል። ዕቃው እስኪመለስ ድረስ ያለ ሥራ የሚታለፉት ሳምንታትም ወጪ ናቸው። ብዙ ጊዜ ጥገና የሚጠይቅ አሮጌ ዕቃ በእንዲህ ያለ ቦታ ቶሎ ይወደዳል። ከስሙ ይልቅ በአካባቢው የሚጠገን መሆኑን አይቶ ብራንድ መምረጥ ከየትኛውም ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ያድናል።

ሦስተኛው ጨውና ፀሐይ ነው። እዚህ ላይ ወጪ የሚቀንሰው ነገር ምንም ዋጋ አይጠይቅም። “ሳይደርቅ በእርጥቡ” እንደሚባለው ሁሉ ዕቃው ጨው ሳይደርቅበት በንጹሕ ውኃ ተነክሮ መታጠብና በጥላ መድረቅ አለበት። ሬጉሌተር ሲታጠብ አየር የሚገባበት ቀዳዳ በክዳኑ መዘጋት ይኖርበታል፤ አለዚያ ውኃው ወደ ውስጥ ገብቶ ያዝገዋል። በአዲስ ዕቃ ላይ ይህን የማያደርግ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ባለቤት ይሆናል።

ለማን ምን ይሻላል?

በዓመት አንድ ጊዜ ለዕረፍት ሄዶ 10 ጊዜ የሚጠልቅ ሰው አዲስም ሆነ ያገለገለ ሙሉ መሣሪያ መግዛት አያዋጣውም። ኪራይ ለአንድ ጠለቃ 10 ዶላር ነው ብንል በ10 ዓመት 1,000 ዶላር ይከፍላል፤ መግዛት ግን ከ2,600 ዶላር በላይ ያስወጣል። በዚህ ስሌት መግዛት ከኪራይ ጋር የሚስተካከለው በዓመት 26 ጠለቃ ገደማ ሲደርስ ነው። ለዚህ ሰው የሚበጀው በፊቱ ልክ የሆነ ማስክና የራሱ ኮምፒውተር ብቻ መያዝ ነው።

በዓመት ከ30 እስከ 50 ጊዜ የሚጠልቅ ሰው ቀላቅሎ ቢገዛ ይሻለዋል። ኮምፒውተሩንና ልብሱን አዲስ፣ ጃኬቱንና መቅዘፊያውን ያገለገለ ማድረግ ይችላል። ሬጉሌተሩ ያገለገለ እንዲሆን ከፈለገ የሞዴሉ መለዋወጫ ዛሬም የሚመረት፣ የጥገና መዝገቡ የተሟላ መሆን አለበት።

በጠለቃ ለሚተዳደር ሰው ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። በዓመት 200 ጊዜ የሚጠልቅ መሪ የ100 ጠለቃን ደንብ ከተከተለ በዓመት ሁለት ጊዜ ሬጉሌተሩን ያስጠግናል። በ10 ዓመት ይህ ወደ 3,000 ዶላር ይጠጋል። ከዚህ አንጻር በአዲሱና ባገለገለው መካከል ያለው የ400 ዶላር ልዩነት ትንሽ ነው። ለእርሱ ትልቁ ቁጠባ ያለው ጥገናው ላይ ነው፤ አምራቾች የሚሰጡትን የቴክኒሻን ሥልጠና መውሰድ ወይም ባልደረቦችን አስተባብሮ ጥገናን በአንድ ላይ ማሠራት ከየትኛውም ርካሽ ግዥ ይበልጣል። ሙያውን የተማረ ሰው ደግሞ ወጪውን ወደ ገቢ ሊለውጠው ይችላል።

ያገለገለ ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ

– የመጨረሻው ጥገና መቼ፣ በማን ተደረገ? ደረሰኝ አለ?
– የመለያ ቁጥሩ ይነበባል? ከተፋቀ ዕቃው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ የመሰብሰብ ትእዛዝ ወጥቶበት እንደሆነ ማጣራትም አይቻልም።
– የሞዴሉ መለዋወጫ ዛሬ ይገኛል? የሚጠግነው ማን ነው?
– የሬጉሌተሩ ማጣሪያ ምን ዓይነት ቀለም አለው? አረንጓዴ ከሆነ ጨው ውኃ ገብቷል፤ ቀይ ቡናማ ከሆነ ከዛገ ሲሊንደር ጋር ሠርቷል።
– ቱቦዎቹ ሲታጠፉ ይሰነጠቃሉ? ከብረቱ ጋር የሚጋጠሙበት ቦታ አብጧል?
– ሻጩ ዕቃው በባለሙያ እንዲታይ ይፈቅዳል? የማይፈቅድ ከሆነ ምክንያቱን መገመት አይከብድም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ያለው ያገለገለ ዕቃ ካለ፣ እርሱ ከብዙ አዲስ ዕቃ የተሻለ ግዥ ሊሆን ይችላል። መልስ የሌለው ዕቃ ግን በነጻ ቢሰጥም እንኳ የመጀመሪያው ወጪው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ውኃ ከመነካቱ በፊት ወደ ጠጋኙ መሄድ አለበት።